የኢትዮ-ጃዝ አልበሞች

የኢትዮ-ጃዝ አልበሞች የኢትዮጵያን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶች ከጃዝ ሃርመኒ፣ መሣሪያዎችና የፈጠራ አጨዋወት ጋር ያዋሐዱ፣ በአብዛኛው ያለ ድምፃዊ በመሣሪያ ብቻ የተቀረጹ የሙዚቃ ሥራዎች ናቸው። ስያሜው በዋናነት ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር የተያያዘ ቢሆንም በዚህ ስም ሥር የሚቀመጡት ሥራዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። በአንደኛው ጫፍ ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን የሚያወጣው የጌታቸው መኩሪያ ኃይለኛ አጨዋወት አለ። በሌላኛው ጫፍ የኃይሉ መርጊያ ዝግ ያለ የፒያኖ፣ የቤዝና የድራም ትሪዮ ይገኛል። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የፒያኖ ሥራዎች በጥብቅ ትርጉም ጃዝ ባይሆኑም በብዙ አድማጮች ዘንድ ከእነዚህ ጋር አብረው ይሰማሉ።

የዚህ ሙዚቃ አጀማመር ከአዲስ አበባ አሮጌው ማዕከል፣ ከአራዳና ከፒያሳ ጋር የተሳሰረ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ የሙዚቃ መምህራን፣ የማዘጋጃ ቤቱ ኦርኬስትራ፣ የሸክላ ኅትመት መብት የነበረው ሀገር ፍቅር ቴአትር እና በኋላ የተከፈተው ጃዝአምባ ሁሉም ከዚህ አካባቢ ታሪክ ጋር ይገናኛሉ። ዛሬ አልበሞቹ በድጋሚ ታትመው በብዙ አገሮች ይገኛሉ። ሙዚቃው ካደገባቸው ቦታዎች ግን የተወሰኑት በእሳትና በመልሶ ማልማት ጠፍተዋል።

በዚህ መጣጥፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ተብለው ካልተጻፉ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ናቸው።

ስያሜና ወሰን

«ኢትዮ-ጃዝ» የሚለውን ስም የሰጠው ሙላቱ አስታጥቄ ሲሆን፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ በኒው ዮርክ የጀመረውን የሙዚቃ ሙከራ ለመግለጽ ተጠቅሞበታል። በጠባቡ ትርጉም ኢትዮ-ጃዝ የሙላቱንና የተከታዮቹን ሥራ ብቻ ያመለክታል። በሰፊው ትርጉም ግን ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ አበባ ባንዶች የተቀረጸውን በመሣሪያ የተቀነባበረ ሙዚቃ በሙሉ ይጨምራል። በዘመኑ የነበሩ ብዙ ሙዚቀኞች ሥራቸውን ጃዝ ብለው አይጠሩትም ነበር። ለእነሱ «ዘመናዊ ሙዚቃ» ወይም «በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ» ዜማ ነበር። የጃዝ ስም በብዙዎቹ ሥራዎች ላይ የተለጠፈው በኋላ፣ አልበሞቹ በውጭ አገር በድጋሚ ሲታተሙ ነው።

ቅኝቶችና አሠራር

የኢትዮ-ጃዝ ዜማ መሠረት አራቱ ታዋቂ ቅኝቶች ማለትም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። እያንዳንዳቸው አምስት ድምፆች አሏቸው። ከ«ዶ» ቢጀመር ሙሉው ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይሆናል። ሚና ላ በግማሽ ድምፅ ሲወርዱ የበለጠ የሐዘን ስሜት ያለው የትዝታ ዓይነት ይገኛል። አምባሰል ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል እና ዝቅ ያለ ላ ነው። አንቺ ሆዬ ደግሞ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶል እና ላ ነው። የመጨረሻው ቅኝት በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ያልተስተካከለ በመሆኑ ለውጭ ጆሮ እንግዳ ሆኖ ይሰማል።

የጃዝ ሃርመኒ የተሠራው በአሥራ ሁለት ድምፆች ላይ ነው። ስለዚህ አቀናባሪው የሚገጥመው ዋና ችግር ከባለ አምስት ድምፁ ዜማ ሥር የሚያስቀምጠው ኮርድ የቅኝቱን ጠባይ እንዳያጠፋው መጠንቀቅ ነው። ለምሳሌ በአምባሰል ዜማ ሥር የተለመደ የሜጀር ኮርድ ቢገባ በቅኝቱ ውስጥ የሌለ «ሚ» ስለሚሰማ ዜማው አምባሰልነቱን ያጣል። ሙላቱ የመረጠው መንገድ ዜማውንና የቤዙን መስመር በቅኝቱ ውስጥ አቆይቶ፣ የተቀሩትን ድምፆች በፒያኖ፣ በቫይብራፎንና በትንፋሽ መሣሪያዎች በጥንቃቄ መጨመር ነበር። ሌሎች ባንዶች ደግሞ ኮርድ መለዋወጡን ቀንሰው አንድ የቤዝ ሐረግ እየደጋገሙ ሶሎ የሚጫወተውን ሰው ነፃ ይተዉታል።

በምት በኩል ስድስት ስምንተኛው (6/8) የችክችካ ምት በብዛት ይገኛል። በሙላቱ ሥራዎች ውስጥ የላቲን አሜሪካ ምቶችና ኮንጋ ከበሮ፣ በ1970ዎቹ ሥራዎች ደግሞ የፈንክ ጊታርና ኦርጋን ይሰማሉ። የቅኝት ሙዚቃ ከዋናው ዜማ እየወጡና እየተመለሱ መጫወትን ከጥንትም ያውቃል። አዝማሪ በመሰንቆው የዘፈኑን ዜማ እያዞረና እያስዋበ ይጫወታል፣ ግጥሙንም እዚያው ይፈጥራል። በዚህ ምክንያት በጃዝ ውስጥ ያለው የሶሎ ፈጠራ ለኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞች ፈጽሞ አዲስ ነገር አልነበረም።

የአራዳና የፒያሳ ድርሻ

አራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በነበረው ገበያ ዙሪያ ያደገ የከተማዋ የንግድ ማዕከል ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ገበያው ወደ መርካቶ ሲዛወር አካባቢው ፒያሳ የሚል ተጨማሪ ስም አገኘ። «አራዳ» የሚለው ቃልም ከሰፈር ስምነት አልፎ ከተሜና ብልጥ ሰው ማለት ሆነ። ሲኒማ ቤቶች፣ ቡና ቤቶች፣ ወርቅ ቤቶችና ሙዚቃ ቤቶች ተጠጋግተው የሚገኙበት ይህ አካባቢ ለአዳዲስ ሙዚቃ መግቢያ በር ነበር።

ለዘመናዊ የትንፋሽ መሣሪያ ሙዚቃ መሠረት ከጣሉት አንዱ በ1924 ወደ አዲስ አበባ የመጣው የ«አርባ ልጆች» ባንድ ነው። ከአርመን የዘር ጭፍጨፋ የተረፉትን እነዚህን አርባ ወላጅ አልባ ልጆች አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው ሲሆን፣ የሙዚቃ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ኬቮርክ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደርሷል። የአርመን ማኅበረሰብ ቤተ ክርስቲያንና ሰፈር በራስ መኮንን ድልድይና በፒያሳ አካባቢ ይገኛል። ከጦርነቱ በኋላ የወንድሙ ልጅ ኔርሲስ ናልባንዲያን የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ኦርኬስትራን አሠለጠነ፤ ኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (አሁን ብሔራዊ ቴአትር) የሙዚቃ መሪ ሆነ። የኢትዮጵያ ዜማዎችን ለሙሉ የትንፋሽ ባንድ በማቀናበር ያሳየው መንገድ ከሙላቱ በፊት ለነበረው ትውልድ ትምህርት ቤት ሆኗል።

ከመድረኩ ውጭ ደግሞ የውቤ በረሃ ሰፈር ነበር። በደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ስም የተጠራው ይህ የአራዳ ክፍል በመጠጥ ቤቶቹና በአዝማሪዎቹ ይታወቅ ነበር። ቀን በኦርኬስትራ ውስጥ ኖታ የሚያነብ ወጣት ሙዚቀኛ ማታ በዚህ ሰፈር ሲያልፍ የመሰንቆና የክራር ዜማ ይሰማል። በኋላ በአልበሞቹ ላይ የተሰማው ውሕደት ከእነዚህ ሁለት ምንጮች የተቀዳ ነው።

የሸክላ ዘመን

በ1935 (1927 ዓ.ም.) የተመሠረተውና በአራዳ የሚገኘው ሀገር ፍቅር ማኅበር በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት ብቸኛ መብት ተሰጥቶት ነበር። ማኅበሩ ያሳትም የነበረው በአብዛኛው ባህላዊ ሙዚቃ ስለነበር በምሽት ክለቦች የሚጫወቱት አዳዲስ ባንዶች የሚቀረጹበት ዕድል አልነበራቸውም።

በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ይህን መብት ሳይጠብቅ የራሱን አሳታሚ ድርጅት «አምሃ ሪከርድስ»ን አቋቋመ። የመጀመሪያው ሥራው የዓለማየሁ እሸቴ ነጠላ ሸክላ ነበር። የተቀረጸው ቴፕ ወደ ውጭ ተልኮ መጀመሪያ በሕንድ፣ ኋላም በሊባኖስ በሸክላ ታትሞ ይመለስ ነበር። ብቸኛ መብቱን በመጣሱ ሊከሰስ እንደሚችል ቢነገረውም ሥራውን አላቆመም። ብዙም ሳይቆይ የፊሊፕስ ኩባንያ የኢትዮጵያ ቅርንጫፍና በተለምዶ አሊ ታንጎ የሚባለው አሊ አብደላ ካይፋ በ«ካይፋ ሪከርድስ» ተከተሉት።

የዚህ ዘመን ሸክላዎች አብዛኞቹ በሁለቱም ገጽ አንድ አንድ ዘፈን የያዙ ባለ 45 ዙር ነጠላ ሸክላዎች ነበሩ። ሙሉ አልበም የያዘ ረጅም ሸክላ ጥቂት ነበር፤ ከእነዚህም ውስጥ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበሩት ይበልጥ ያንሳሉ። በ1974 አብዮት ከፈነዳ በኋላ የሰዓት እላፊ ገደብ ታወጀ። አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ሄደ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሸክላ ቦታውን ለካሴት ለቀቀ። አምሃ እሸቴ በኤፕሪል 2021 አርፏል።

ዋና ዋና አልበሞች

የሙላቱ አስታጥቄ አልበሞች

ሙላቱ አስታጥቄ በ1943 በጅማ ተወለደ። ለምሕንድስና ትምህርት ወደ ዌልስ ተልኮ ሳለ ወደ ሙዚቃ አዘነበለ፤ ከዚያም በለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅና በቦስተን በርክሊ ተማረ። በበርክሊ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ እንደነበረ ይነገራል። በኒው ዮርክ «ኢትዮጵያን ኩዊንቴት» የተባለ ቡድን አቋቁሞ በ1966 «አፍሮ-ላቲን ሶል» የተሰኙ ሁለት አልበሞችን አወጣ። በእነዚህ ላይ የላቲን ምት ያመዝናል፤ የኢትዮጵያ ቅኝት የሚሰማው በተወሰኑት ቁጥሮች ነው።

በ1972 በኒው ዮርክ የተቀረጸው «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» የስልቱ ሙሉ መልክ የታየበት አልበም ነው። «መስከረም ጠባ»፣ «ደወል»፣ «ኩሉን ማን ኳለሽ»፣ «ካሳለፍኩት ሁሉ»፣ «ሙናዬ» እና «ጭፈራ» የተባሉ ቁጥሮችን ይዟል። ለኢትዮጵያዊ አድማጭ የሠርጉንና የአዲስ ዓመቱን ዜማ ማወቅ ቀላል ነው። አዲሱ ነገር እነዚህ ዜማዎች በዋዋ ጊታር፣ በኮንጋና በቫይብራፎን ተከበው፣ ሶሎ የሚጫወቱ አሜሪካውያን ሙዚቀኞች በቅኝቱ ውስጥ እንዲቆዩ መደረጋቸው ነው።

በ1974 በአምሃ ሪከርድስ የወጣው «የካቲት» የተቀረጸው በአዲስ አበባ፣ በኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞች ነው። ርእሱ አብዮቱ የተጀመረበትን ወር ያስታውሳል። ከኒው ዮርኩ አልበም ሲነጻጸር ድምፁ ጠቆር ያለ፣ ምቱ ዝግ ያለና በሳክስፎንና በኦርጋን ላይ ያተኮረ ነው። ቀደም ብሎ በ1973 ዱክ ኤሊንግተን ከነባንዱ አዲስ አበባ መጥቶ ከንጉሠ ነገሥቱ ሽልማት ሲቀበል ሙላቱ ከባንዱ ጋር ሠርቷል።

ከረጅም ጊዜ ዝምታ በኋላ ሙላቱ በ2009 ከለንደኑ «ሄሊዮሴንትሪክስ» ቡድን ጋር፣ በ2010 «ሙላቱ ስቴፕስ አሄድ»ን፣ በ2013 ደግሞ «ስኬችስ ኦቭ ኢትዮጵያ»ን አውጥቷል። በኋለኞቹ ሥራዎቹ ክራር፣ መሰንቆና ዋሽንት ከቫይብራፎኑ ጋር እኩል ቦታ አግኝተዋል። በ2025 የወጣው «ሙላቱ ፕሌይስ ሙላቱ» የቀድሞ ሥራዎቹን በአዲስ ቅንብር ያቀረበበት ነው።

የጌታቸው መኩሪያ ሽለላ

ጌታቸው መኩሪያ በ1935 በይፋት ተወለደ። ክራርና መሰንቆ ከሞከረ በኋላ ክላርኔትና ሳክስፎን ተማረ፤ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ በ1940ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ኦርኬስትራ ሥራ ጀመረ። በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በ1965 ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተዛወረ።

ሽለላ ጦረኛ ወደ ውጊያ ከመግባቱ በፊት ራሱንና ጓዶቹን የሚያነሣሣበት የድምፅ ጥበብ ነው። መደበኛ ምት የለውም፤ ትንፋሽ እስኪያልቅ ይወርዳል፣ ይቋረጣል፣ እንደገና ይነሣል። ጌታቸው ይህን ሁሉ ወደ ቴነር ሳክስፎን አዛወረው። ድምፁን በኃይል እያንቀጠቀጠ፣ ፈጣን ሐረጎችን እየደራረበ፣ ከባንዱ ምት በላይ እየተንሳፈፈ ይጫወታል። መድረክ ላይ ሲወጣም የጀግና ልብስና የአንበሳ ጎፈር ይለብስ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በፊሊፕስ የታተመው «ንጉሥ ኦቭ ኢትዮጵያን ሳክስ» አልበም ይህን አጨዋወት ከ«ትዝታ»፣ ከ«አምባሰል»፣ ከ«አንቺ ሆዬ» እና ከ«አካሌ ውቤ» ዜማዎች ጋር አጣምሮ ይዟል።

በውጭ አገር የሚገኙ ሐያሲዎች ይህን አጨዋወት በ1960ዎቹ በአሜሪካ ከተነሣው ነፃ ጃዝና መንፈሳዊ ጃዝ ጋር ያመሳስሉታል። በተለይ የኦርኔት ኮልማን «ፍሪ ጃዝ» (1961)፣ የአልበርት አይለር «ስፒሪቹዋል ዩኒቲ» (1965) እና የጆን ኮልትሬን «አ ላቭ ሱፕሪም» (1965) ይጠቀሳሉ። ተመሳሳይነቱ በጆሮ ይሰማል፤ ምንጫቸው ግን የተለያየ ነው። የአሜሪካውያኑ ጩኸት ከጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን መዝሙርና ከዘመኑ የነፃነት ጥያቄ ጋር ይያያዛል። የጌታቸው ጩኸት ከአርበኛ ሽለላ የመጣ ነው። እሱ ራሱም ሽለላን በሳክስፎን የጀመረው ነፃ ጃዝ የሚባለው ነገር ከመታወቁ በፊት፣ ከማንም ሳይቀዳ መሆኑን ይናገር ነበር።

ከ2004 ጀምሮ ከሆላንዱ «ዘ ኤክስ» ባንድ ጋር መሥራት ጀመረ። በሽምግልናው ዘመን ከእነሱ ጋር «ሞዓ አንበሳ» (2006) እና «የአንበሳው ትዝታ» (2012) የተባሉ አልበሞችን አወጣ። በኤፕሪል 2016 በ81 ዓመቱ አረፈ።

ዋልያስ ባንድና የሰዓት እላፊው ሌሊት

ዋልያስ ባንድ በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ይጫወት ነበር። በደርግ ዘመን በሰዓት እላፊው ምክንያት ከእኩለ ሌሊት በኋላ መውጣት ስለማይቻል ሙዚቀኛውም አድማጩም እስኪነጋ እዚያው ይቆዩ ነበር። ባንዱ ሌሊቱን ሙሉ የመጫወት ልምድ ያካበተው በዚህ መንገድ ነው። በ1977 በካይፋ የወጣው «ቼ በለው» ሙሉ በሙሉ በመሣሪያ የተቀነባበረ ረጅም ሸክላ ሲሆን ኃይሉ መርጊያ በኪቦርድ፣ ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን ተሳትፈውበታል። በግርማ በየነ የተቀነባበረው «ሙዚቃዊ ስልት» ከዚህ አልበም ወጥቶ በውጭ አገር ባንዶች በተደጋጋሚ የተጫወተ ዜማ ሆኗል።

ግርማ በየነ ፒያኒስት፣ አቀናባሪና ድምፃዊ ነበር። በወርቃማው ዘመን ለሌሎች ድምፃውያን እጅግ ብዙ ዘፈኖችን ቢያቀናብርም በራሱ ድምፅ የቀረጻቸው አራት ብቻ ነበሩ። ከዋልያስ ጋር በ1981 ወደ አሜሪካ ሄዶ ለረጅም ዓመታት ከሙዚቃ ርቆ ከኖረ በኋላ፣ ከፈረንሳዩ «አካሌ ውቤ» ባንድ ጋር የሠራው አልበም በ2017 የኢትዮፒክስ ተከታታይ 30ኛ ቁጥር ሆኖ ወጥቷል።

የፒያኖ አልበሞች

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1923 በአዲስ አበባ ተወለዱ። የዓለም ስማቸው የውብዳር ነበር። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል የወይዘሮ ስንዱ ገብሩ እኅት ናቸው። በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተምረዋል፤ ከጦርነቱ በኋላ በካይሮ ትምህርታቸውን ቀጥለዋል። ኋላም ዓለምን ትተው በግሸን ማርያም መነኮሱ። በ1960ዎቹ በጀርመን የታተመው የመጀመሪያው ሸክላቸው ገቢ ለወላጅ አልባ ሕፃናት መርጃ የታሰበ ነበር። ከ1984 ጀምሮ በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ገዳም ኖረው በማርች 2023 በ99 ዓመታቸው አርፈዋል።

በ2006 በኢትዮፒክስ 21ኛ ቁጥር የወጣው ብቸኛ የፒያኖ አልበማቸው በሰፊው አስተዋወቃቸው። ሥራቸው በኖታ የተደረሰ በመሆኑ ከጃዝ ይለያል። ነገር ግን የግራ እጅ የአውሮፓ ክላሲካል አካሄድን ሲከተል ቀኝ እጅ በቅኝት ውስጥ እንደ ዜማ መምህር ድምፁን እያሽከረከረና እያንጠለጠለ ይሄዳል። ምቱ በሜትሮኖም የሚለካ አይደለም፤ ተጫዋቿ በፈለጉበት ይዘገያሉ፣ በፈለጉበት ይፈጥናሉ። የጃዝ አድማጮች ሥራቸውን የወደዱት በዚህ ነፃነት ምክንያት ነው።

በዚህ መስመር ከሚጠቀሱት ሌሎች አልበሞች መካከል በቡልጋሪያ ሶፊያ የተማረው ግርማ ይፍራሸዋ በ2014 ያወጣው «ላቭ ኤንድ ፒስ» ይገኛል፤ «አምባሰል» እና «እልልታ» የተባሉ ድርሰቶችን የያዘ ብቸኛ ፒያኖ ነው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ምሩቁ ሳሙኤል ይርጋ በ2012 ያወጣው «ጉዞ» ደግሞ ብቸኛ ፒያኖን ከሙሉ ባንድ ጋር እያፈራረቀ ያቀርባል።

የኃይሉ መርጊያ ትሪዮ

ኃይሉ መርጊያ በ1946 በሸዋ ተወልዶ በአሥራዎቹ ዕድሜ በሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ጀመረ። በ1978 በጊዮን ሆቴል ይጫወት ከነበረው ዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ» የተሰኘውን ካሴት አወጣ። ከዋልያስ ጋር በ1981 አሜሪካ ከደረሰ በኋላ እዚያው ቀረ። በ1985 አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር ብቻውን ደራርቦ የቀረጸውን አልበም ካወጣ በኋላ ከመድረክ ጠፋ። በዋሽንግተን አካባቢ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ እየነዳ ኖረ፤ በተራ መጠበቂያው ሰዓት ከመኪናው ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር።

የ1985ቱ ካሴት በባሕር ዳር በአንድ አሜሪካዊ ሙዚቃ ሰብሳቢ እጅ ገብቶ በ2013 በድጋሚ ሲታተም ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ። በ2018 የወጣው «ላላ በሉ» ከቤዝ ተጫዋቹ ማይክ ማይኮቭስኪና ከድራም ተጫዋቹ ቶኒ ባክ ጋር በትሪዮ የተሠራ ነው። ፒያኖው ወይም ኦርጋኑ የ«ትዝታ»ን ዜማ ያነሣል፤ ቤዙ ብዙ ሳይናገር ይከተላል፤ ድራሙም አብዛኛውን ጊዜ ለስለስ ብሎ ይመታል። የመጨረሻው ቁጥር «የፍቅር እንጉርጉሮ» ኃይሉ ብቻውን በፒያኖ የተጫወተው ነው። በ2020 የወጣው «የኔ ምርጫ» ከቤዝ ተጫዋቹ ዓለምሰገድ ከበደና ከድራም ተጫዋቹ ኬኔት ጆሴፍ ጋር የተሠራ ሲሆን የቴዲ አፍሮን «ሸመንደፈር» በመሣሪያ ያቀርባል።

የፒያኖ ትሪዮ በዓለም ጃዝ ውስጥ በተለይ ከቢል ኤቫንስ የ1961 ቅጂዎች ጀምሮ የዝግታና የመደማመጥ መልክ ተደርጎ ይወሰዳል። በኃይሉ ትሪዮ መደማመጡ አለ፤ ሃርመኒው ግን ከኤቫንስ በጣም ያነሰ ነው። ስሜቱን የሚሸከመው የኮርድ ለውጥ ሳይሆን በአምስቱ ድምፆች መካከል ያለው ክፍተት ነው።

በድጋሚ መታተም

በ1980ዎቹ የመሐሙድ አሕመድን ሸክላ የሰማው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፓሪሱ ቡዳ ሙዚክ አማካይነት «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ አሳተመ። በ1998 የወጣው 4ኛው ቁጥር የሙላቱን የ1969–1974 ሥራዎች፣ 14ኛው ቁጥር የጌታቸውን አልበም ይዟል። ጂም ጃርሙሽ በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» በተሰኘው ፊልሙ የሙላቱን ዜማዎች መጠቀሙ አዲስ ትውልድ አድማጭ አመጣ።

ይህ ሂደት ጥቅምና ጉዳት ነበረው። ሥራዎቹ ከመጥፋት ድነዋል፤ በሕይወት የነበሩ ሙዚቀኞችም እንደገና መድረክ አግኝተዋል። በሌላ በኩል ለዓመታት አልበሞቹ በአዲስ አበባ ካሉ ሱቆች ይልቅ በፓሪስና በለንደን በቀላሉ ይገኙ ነበር። የሸክላዎቹ ዋና ኅትመቶችም በአብዛኛው በውጭ ሰብሳቢዎች እጅ ይገኛሉ።

ጃዝአምባና የፒያሳ መለወጥ

በ2011 በፒያሳ በእቴጌ ጣይቱ ሆቴል አሮጌ አዳራሽ ውስጥ ጃዝአምባ የተባለ የሙዚቃ ቤት ተከፈተ። ሆቴሉ በአፄ ምኒልክ ዘመን የተሠራ የአገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ጊታሪስቱ ግሩም መዝሙር ሲሆን፣ የእሱ አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት በአኮርዲዮን፣ በክላርኔትና በማንዶሊን የ1950ዎቹንና የ60ዎቹን ዜማዎች ያቀርብ ነበር። የቡድኑ አልበም «ተወስታ» በ2011 ወጥቷል። በጃዝአምባ ለዓመታት ከመድረክ የራቁ አንጋፋ ድምፃውያንና ከያሬድ የወጡ ወጣቶች በአንድ መድረክ ተገናኝተዋል።

እሑድ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በሆቴሉ የተነሣው ቃጠሎ ጃዝአምባን ሙሉ በሙሉ አወደመው። ሆቴሉ ታድሶ ሥራውን ቢቀጥልም የሙዚቃ ቤቱ በዚያ አልተመለሰም። ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ በርካታ የፒያሳና የአካባቢው ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ተዛውረዋል።

ከውቤ በረሃ ሌሊቶች አብዛኞቹ ሳይቀረጹ አልፈዋል። ስለዚህ ከላይ የተጠቀሱት አልበሞች ከሙዚቃነታቸው በተጨማሪ የአንድ ከተማን ድምፅ የያዙ የታሪክ ሰነዶች ናቸው።

የተመረጡ አልበሞች በዓመት

• 1966 – ሙላቱ አስታጥቄ፣ «አፍሮ-ላቲን ሶል» 1 እና 2፦ የላቲን ምት የሚያመዝንበት የመጀመሪያ ሙከራ
• 1972 – ሙላቱ አስታጥቄ፣ «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ»፦ የኢትዮ-ጃዝ ስልት የጎለበተበት
• 1970ዎቹ መጀመሪያ – ጌታቸው መኩሪያ፣ «ንጉሥ ኦቭ ኢትዮጵያን ሳክስ»፦ ሽለላ በሳክስፎን
• 1974 – ሙላቱ አስታጥቄ፣ «የካቲት»፦ በአዲስ አበባ የተቀረጸ
• 1975 – ኃይሉ መርጊያና ዋልያስ፣ «ትዝታ»፦ በ2021 በድጋሚ የታተመ ካሴት
• 1977 – ዋልያስ ባንድ፣ «ቼ በለው»፦ «ሙዚቃዊ ስልት» የሚገኝበት
• 1978 – ኃይሉ መርጊያና ዳህላክ ባንድ፣ «ወደ ሐረር ጉዞ»
• 1985 – ኃይሉ መርጊያ፣ «ሸሞንሟናዬ»፦ አኮርዲዮንና ሲንተሳይዘር
• 2006 – እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፣ ኢትዮፒክስ 21፦ ብቸኛ ፒያኖ
• 2006 – ጌታቸው መኩሪያና ዘ ኤክስ፣ «ሞዓ አንበሳ»
• 2011 – አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት፣ «ተወስታ»
• 2012 – ሳሙኤል ይርጋ፣ «ጉዞ»
• 2013 – ሙላቱ አስታጥቄ፣ «ስኬችስ ኦቭ ኢትዮጵያ»
• 2014 – ግርማ ይፍራሸዋ፣ «ላቭ ኤንድ ፒስ»፦ ብቸኛ ፒያኖ
• 2017 – ግርማ በየነና አካሌ ውቤ፣ ኢትዮፒክስ 30
• 2018 – ኃይሉ መርጊያ፣ «ላላ በሉ»፦ ትሪዮ
• 2020 – ኃይሉ መርጊያ፣ «የኔ ምርጫ»፦ ትሪዮ